በብርድ የሚወጡ ነጥቦች

ሚኒያፖሊስ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሓድሽ እና ላሳደገችኝ ለእትዬ ሎሚ፣

ይህ ወረቀት ጋሼ ጮክ ብለው እያነበቡ፣ እትዬ ሎሚ ደግሞ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ቀስ በል እንጂ፣ ማን እያሯሯጠህ ነው?» እያለች እንዲያገኛችሁ ተመኘሁ። ጤናችሁ፣ ደጃችሁ፣ ጉርብትናችሁ እንዴት ሰነበተ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በረዶው ቀልጦ እግሬ መሬት መርገጥ ጀምሯል። ቀኑንም እንዳዘዙኝ በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ባለፈው «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰሽ የምታዪው ምንድነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። የማጠናው ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ክሪስታል ነው፤ ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ ንብርብር ነው። ጨረር እስኪያሳልፍ ድረስ እያሳሳን ማይክሮስኮፑ ውስጥ እናስገባዋለን። ይህ ማይክሮስኮፕ በብርሃን አያይም፤ በኤሌክትሮን ነው የሚያየው። ኤሌክትሮኖቹ ክሪስታሉን አልፈው ሲወጡ ፊልሙ ላይ ነጥቦች ይጥላሉ፤ የነጥቦቹ አቀማመጥ አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ ይናገራል።

ከማንጋኒዞቹ ግማሾቹ አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን አላቸው። ክሪስታሉ ሞቅ ሲል ያ ትርፍ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ካንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ስናቀዘቅዘው ግን ይቆማል። አንዱ ያለው፣ ቀጥሎ የሌለው፣ እንደገና ያለው፣ ልክ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይለያያሉ። ያላቸው ደግሞ ኤሌክትሮኑ የሰፈረበት ቅርጽ ሞላላ ስለሆነ አንዱ ረድፍ ወደዚህ፣ ቀጣዩ ረድፍ ወደዚያ ያጋድላል። ያን ጊዜ በደማቆቹ ነጥቦች መካከል ቀድሞ ያልነበሩ ደካማ ነጥቦች ይወጣሉ። «ሥዕል ያለ ቀይ ቀስት ዕውር ነው» እያሉ ስላሳደጉኝ በቀይ ቀስት አመልክቼአቸዋለሁ፤ ዳር ዳሩንም ቁጥሮቹን ጽፌያለሁ፣ ተማሪዎችዎ እንዲያነቡት።

አንድ ነገር ግን አስፈርቶኛል። አሁንም ይበልጥ ሳቀዘቅዘው እነዚያ ደካማ ነጥቦች ይጠፋሉ። ፕሮፌሰሬ በጨረሩ አቃጥለሽው ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። እውነት ከሆነ የዓመት ልፋቴን ውሃ በላው ማለት ነው። ጸልዩልኝ።

ልጃችሁ ኣሪያም


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለኣሪያም፣

እኛ በተውሽን ቦታ በተውሽን ጤና እንገኛለን፤ አንቺንም የላይኛው ጌታ ከዚያ ብርድ ይጠብቅሽ። ፎቶሽ ሳይጎዳ ደርሷል። ሎሚ መጀመሪያ ስታየው «ይሄ ደግሞ የየት አገር ጥልፍ ነው?» አለች። ክሪስታል ነው ስላት «ቢሆንም ለቀሚስ ጠርዝ ያምራል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ግን ደስታዬን ምን ልበልሽ! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ቤቴ እየመጡ የሚያጠኑ የሰፈር ልጆች እንዳሉ ታውቂያለሽ። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ ቀይ ጠመኔ ይዤ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለሱ ብቻ አስተማርኩ። ሁሉም እስከነቀስቱ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። አንዷ «መምህር፣ ሲሞቅስ ወዴት ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጠየቅሽኝ አንቺ እንደመሰልሽኝ አልደብቅሽም።

ስለዚህ ሁለተኛ ፎቶ እፈልጋለሁ፤ ሞቆ ያለውንና ቀዝቅዞ ያለውን ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪልኝ። ስለ ፍርሃትሽ ደግሞ፣ ሰሌዳ ፊት ወጥተሽ ሲጠፋብሽ የምልሽን አትርሺ፤ በመጣሽበት መንገድ ተመለሺ። መልሰሽ አሙቂውና ነጥቦቹ ከወጡ አላቃጠልሽውም። የተቃጠለ ነገር አይመለስማ።

ሬዲዮው ስለ ድንበር አንዳንድ ነገር ያወራል። ያልፋል።

አጎትሽ ሓድሽ


ሚኒያፖሊስ፣ ግንቦት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ሓድሽና ለእትዬ ሎሚ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ደህንነታችሁን ያሰማኝ። ሌላ ሰላምታ ለመደርደር ልቤ አልረጋም።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ነጥቦቹ ሲጠፉ ጊዜ ሳላነካካ ቀስ ብዬ አሞቅሁት። ተመልሰው ወጡ! አላቃጠልኩትም። ክሪስታሉ መጠነኛ ብርድ ላይ ይለያያል፣ የባሰ ብርድ ላይ ግን መለያየቱን ይተዋል። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። ፕሮፌሰሬ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። ሁለቱን ፎቶዎች አስገብቼዋለሁ፤ ቀስቶቹን በሰፊው ነው ያደረግኋቸው፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅም እንዲያይ።

ደስታዬ ግን ከቤተ ሙከራው አልወጣም። ቅዳሜ ሌክ ስትሪት ነጅሙዲን ሱቅ ሄጄ ነበር፤ በርበሬም የስልክ ካርድም የምንገዛው ከእሱ ነው። ያ ሁልጊዜ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚሳሳቅ ሕዝብ ግማሹ በመስኮቱ በኩል፣ ግማሹ በፍሪጁ በኩል ሆኗል። ነጅሙዲን ሂሳቤን እየተቀበለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኣሪያምዬ፣ የድንበሩን ኒውስ ሰማሽ አይደል? እኔ ሾፔ ውስጥ ፖለቲካ አይወራም፣ አላው አላደርግም ብያቸዋለሁ። እነሱ ግን ሳይናገሩ እኮ ነው የሚጣሉት!» አለኝ። ቆሜ አየኋቸው። ትናንት የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ሰዎች ሲቀዘቅዝ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የእኔን ክሪስታል መሰሉኝ። እኔ በየትኛው በኩል እንደምቆም ስላላወቅሁ ካርዴን ይዤ ወጣሁ።

በጎረቤታችን በእነ ማሚት ስልክ ደውዬ ነበር። ማሚት «የሉም፣ ወጥተዋል» ብላ ዘጋችው። እትዬ ሎሚ፣ የስፌት መኪናሽ ድምፅ ግን በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ማሚት እንዲህ የምታደርገው ለምንድነው? እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ።

ኣሪያም


ሚኒያፖሊስ፣ ሰኔ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼና ለእትዬ ሎሚ፣

መልስ አጣሁ። ከየቤታቸው የተወሰዱ ሰዎች እንዳሉ እዚህ ይወራል። የወሬው ግማሽ ውሸት ነው እላለሁ፤ ከዚያ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ሳስብ እውላለሁ። ትናንት ጨረሩን ሳስተካክል ክሪስታሉን እውነትም አቃጠልኩት። ሌላ ይገኛል፤ እሱ አይደለም የሚያሳስበኝ።

ሁለት ቃል ይበቃኛል። ደህና ነን ብላችሁ ብቻ ጻፉ።

ኣሪያም


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 22 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ኣሪያም፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ በሙሉ ደህና ነን። የአካባቢያችን ሁኔታ ሰላም ነው። ክረምቱ ገብቷል።

ከእንግዲህ ፎቶግራፍ እንዳትልኪ። ስለ ትምህርትሽም ባትጽፊ ደስ ይለናል። ስለ አየሩ ጻፊልን። በስልክም አትቸገሪ።

ከሰላምታ ጋር፣
ሓድሽ ወልደሚካኤል


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1990 ዓ.ም.
በአፊፋ እጅ

ልጄ ኣሪያም፣

በፊተኛው ደብዳቤዬ ወይዘሪት ብዬ ስጠራሽ ምን እንደመሰለሽ አውቃለሁ። እሱን የጻፍኩት ላንቺ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ከፍቶ ለሚያነበው ነው። ይህን የያዘችልሽ አፊፋ የሎሚ ደንበኛ ናት፤ ሴንት ፖል ያለች እህቷን ልትጠይቅ ነው የምትመጣው። አንብበሽ አቃጥዪው።

የግንቦቱ ፖስታሽ ተከፍቶ፣ በሌላ ሙጫ ተለጥፎ ደረሰን። ደብዳቤው አለ፤ ፎቶዎቹ የሉም። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሰዎች መጡ። ጨዋዎች ናቸው፤ ጫማቸውን ጠርገው ነው የገቡት። ግድግዳው ላይ ያለውን አይተው ቆሙ። «ይሄ ደማቁ ምንድነው? ከተማ ነው?» አለኝ አንደኛው። አይደለም አልኩት። «በመካከሉ ያሉት ትንንሾቹስ?» በብርድ የሚወጡ ናቸው አልኩት። «ብርዱ የት ነው ያለው?» አለኝ። ቀስቶቹንና ቁጥሮቹን ባንቺ እጅ ጽሑፍ አዩ፤ ፖስታው ላይ ያለውም ያው እጅ ነው።

አሁን የሠራሁትን ስሚ። ፈርቼ ዝም ብል ይሻል ነበር። እኔ ግን ጥያቄ ስሰማ አስተማሪነቴ ተነሳብኝ። ጠመኔዬን አንስቼ ሰሌዳው ላይ ሙሉውን አስረዳኋቸው። ጥሩ አድማጮች ነበሩ፤ አንዱ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ደስ ብሎኝ «ተማሪዎቼ እንኳ ገብቷቸዋል፤ ሁሉም ገልብጠውታል!» አልኩ። «የትኞቹ ተማሪዎች?» አለ ማስታወሻ የሚይዘው። እኔ ሽማግሌው የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠራሁለት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወላጆቻቸው ልጆቹን አይልኩም፤ መንገድ ላይም ሲያዩኝ ይሻገራሉ። አልፈርድባቸውም። ሎሚ ቀን ቀን ትሰፋለች፣ ማታ ማታ በሩን ደጋግማ ትፈትሻለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ይህን ተረት እንዳልናገር ከልክላኛለች።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ፕሮፌሰርሽ ይህ ካርታ እንዳልሆነ፣ የክሪስታል ፎቶ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይጻፍልኝ። ማህተም ይኑረው፤ ያለ ማህተም ማንም አያነበውም። እሱ ከመጣ ነገሩ ስህተት ነበር ተብሎ ይዘጋል፣ ልጆቹም ይተርፋሉ፣ እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሌላ ደግሞ፣ ሰውን ከኤሌክትሮን ጋር አታመሳስዪ። ኤሌክትሮን ወገን የለውም። ሲለያይም አያለቅስም። ይህን ስህተት ፈተና ላይ ብትጽፊው ዜሮ እሰጥሽ ነበር።

አጎትሽ


ሴንት ፖል፣ ነሐሴ 2 ቀን 1990 ዓ.ም.
በአፊፋ እጅ

ጋሼ፣

ወረቀቱ ይኸውልዎ። ያደረስኩብዎትን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ቀስቶቹን ማን አስፊ አለኝ?

ፕሮፌሰሬ ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም። ሁለት ጊዜ ደጋግሞ «ካርታ?» አለኝ። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ፤ እዚያው እፊቴ ተቀምጦ ጻፈ፣ ፈረመ። ችግሩ ማህተም ነው። እዚህ አገር መሥሪያ ቤት ማህተም አይመታም! «ፊርማዬ ይበቃል» ይለኛል። እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ውል የሚያጸድቁበት አንድ ቢሮ አገኘሁ። ሴትዮዋ ወረቀቱን በብረት መቆንጠጫ ጨምቃ ክብ ማህተም አወጣችበት፤ ቀለም ግን የለውም፣ በጣት ሲዳሰስ ብቻ ነው የሚታወቀው። ወጥቼ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እንዲታይ በእርሳስ ጎን ቀስ ብዬ አሸሁት። አሁን ክቡ በደንብ ይታያል። ግን ከታየ በኋላ እኔው የሠራሁት ሐሰተኛ መሰለኝ። ይህንንም ስፈራ ከረምኩ።

አፊፋ ወረቀቱን ከመያዟ በፊት ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ አሰበች። እህቷ «አፊፋ፣ አር ዩ ክሬዚ? ቤቢዎችሽን አስቢ!» ብላ ትጮህባታለች። አፊፋ «ፎቶ አለበት?» አለችኝ። የለበትም አልኳት። «እንግዲያው እይዘዋለሁ፤ ጋሽ ሓድሽ ልጄን ሂሳብ አስተምረዋታል» አለች። አላህ ውለታዋን ይክፈላት።

ስለ እኔ አይጨነቁ ልል ነበር፤ ግን እርስዎ ውሸት ይለያሉ። ፓስፖርቴ ሊያልቅ ነው፤ ለማሳደስ ስሜን ሳስገባ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ሌላው ሆድ ይፍጀው።

ኣሪያም


አሥመራ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ልጄ ኣሪያም፣

በሕይወት አለሁ። የቀረውን ሰላምታ አንቺው ሙዪበት።

ከፍልሰታ በፊት መጥተው ወሰዱኝ። ብዙ ሰው ነበርን፤ አንዳንዱን ከገበያ አውቀዋለሁ። ሎሚ በየቀኑ ምሳ ታመጣልኝ ነበር። አፊፋ በደረሰች ማግሥት ሎሚ ወረቀትሽን ከምሳው ጋር ይዛ መጣች። ማህተሙን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፣ ተቀባበሉት። በመጨረሻ እንግሊዝኛውን የሚያነብና ፎቶውን የሚያውቅ ሰው ይጠራ ተባለ።

የመጣው ደረሰ የሚባል የድሮ ተማሪዬ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አስተምሬዋለሁ፤ አሁን እሱም ፊዚክስ ያስተምራል። አላየኝም መሰለኝ፤ ወይም እንዳላየኝ ሆነ። ፎቶዎቹን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ ቆየ። ዞሮ «ይሄ ካርታ አይደለም። የክሪስታል ነጥቦች ናቸው። ወረቀቱ የሚለው እውነት ነው» አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ማንም ምንም አይለውም ነበር። «እኔም የተማርኩት ከእሳቸው ነው» ብሎ ጨመረ። ልጄ፣ ሰው ስፈራ ኖሬ እንዲህ ያለ ድፍረት በቅርብ አላየሁም።

ኃላፊው ተነሳ። ሦስቱንም ፎቶዎች በሁለት እጁ ሰጠኝ። «መምህር፣ አስቸገርንዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። የልጆቹም ጉዳይ ተዘግቷል» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ኮቴን አነሳሁ። ሎሚ ከውጭ በር ላይ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳይቀር አሰብኩ። በሩ ጋ ስደርስ «አንድ ጊዜ መምህር፣ የት ነበር የተወለዱት?» አለኝ።

አሥመራ አልኩት።

«እንግዲያው ይቀመጡ» አለኝ፣ በዚያው በጨዋ ድምፅ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ እንድትተኚ ነው። ፎቶው ምንም አላደረገም። ወረቀትሽ ሥራውን ሠርቷል፣ እርሳስሽም ቢሆን አላጋለጠሽም። አንድም ቀስት ባትሠሪ ኖሮ ይመጡ ነበር።

በአውቶቡስ ጫኑን። ሎሚ ከጎናችን ትሮጥ ነበር፤ መስኮቱ የማይከፈት ስለሆነ አፏ ሲንቀሳቀስ እንጂ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ድንበሩን በእግራችን ተሻገርን። አሁን ከዘመዳችን ከገብረኣብ ጋር ነኝ። ልጅ ሆኜ የተውኩት ከተማ ነው፤ ትግርኛዬ ዛገ ብለው የሰፈር ሰዎች ይስቁብኛል። ይህን በአማርኛ ስጽፍልሽ በሩን ዘግቼ ነው፤ እዚህም ፊደሉን አይቶ የሚጠረጥር አይጠፋም።

ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ስልክ የለም፣ ፖስታ የለም። ከእንግዲህ እኔና ሎሚ የምንነጋገረው ባንቺ በኩል ነው። የእኔን ገልብጠሽ ላኪላት፣ የእሷንም በእጅሽ ገልብጠሽ ላኪልኝ። የማናችንንም ወረቀት ራሱን አትላኪ፤ እዚያ እንዳይገኝባት፣ እዚህ እንዳይገኝብኝ። በደህና ውላ እንደምታድር ጠይቂልኝ። ለእኔ ስትል የማትፈራ መምሰል ታበዛለች፤ እውነቱን እንድትነግረኝ በይልኝ።

ደግሞ ያ ክሪስታል የባሰ ሲቀዘቅዝ መለያየቱን የሚተወው ለምን እንደሆነ ደርሳችሁበት ከሆነ ጻፊልኝ። ለሰው ምሳሌ ላደርገው ብዬ አይደለም። ማወቅ ስለምወድ ነው።

አጎትሽ ሓድሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ኣሪያም፣

እንዴት ነሽ አካሌ? የሱን ቃል ገልብጠሽ የላክሽልኝን አንብቤ፣ አንብቤ፣ በመጨረሻ እንደ ጨርቅ አጥፌ መኪናው ሥር አስቀመጥኩት። ፊደሉ ያንቺ፣ ንግግሩ የሱ ሆኖ ግራ ገባኝ። ፖስታው ላይ የዚያን አገር ስም ባለመጻፍሽ ብልህ ልጅ ነሽ።

እኔ እንደሱ ቃል አላሳምርም። ሌላው ወረቀት የሱ ነው። ስትገለብጪው እንዳይደነግጥ ብለሽ እንዳታሳጥሪው፣ እንዳታለሳልሺው። እውነቱን ንገሪኝ ካለ ይስማው።

እትዬ ሎሚ


ሚኒያፖሊስ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1991 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የእሷ ነው። አንድ ቃል አልነካሁም።

ሓድሽ፣ እንደምን ከረምክ። መስኮቱ ስላልተከፈተ አልሰማኸኝም አሉ። ያልኩህ ትልቅ ነገር አልነበረም፤ መነጽርህን ረስተሃል ነበር ያልኩት። ለማን እንደምሰጠው ሳጣ መሳቢያህ ውስጥ መለስኩት።

እውነቱን ተናገሪ ብለሃል። እፈራለሁ። ቀን ቀን ደህና ነኝ፣ ሥራ አለኝ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ሰው ይመጣል። ከተማሪዎችህ አንዷ ቀሚስ ላሳጥር ብላ መጥታ፣ ሳሳጥርላት አለቀሰች። ልጆቹን ማንም አልነካቸውም፣ በዚህ እረፍ። ሲመሽ ነው እኔ የማልችለው። ባሏ የተወሰደባት ሴት ቤቷን ይወስዱባታል ይላሉ፤ ማን እንደሚወስድ ግን ማንም አይነግረኝም። ስለዚህ ጫማህን ወልውዬ ከደጃፉ አስቀምጣለሁ። ሸሚዝህን አጥቤ በሚታይ ቦታ አሰጣለሁ። በር ሲንኳኳ ከመክፈቴ በፊት አንተን አስመስዬ ድምፄን አወፍርና ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። አትሳቅብኝ። ደህና አድርጌ ለምጄዋለሁ፤ አንዳንዴ እኔው ራሴ ያለህ ይመስለኛል።

ትናንት ማታ ተንኳኳ። እንደለመድኩት ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማሚት ኖራለች። እዚያው በሩ ላይ ቆማ «ውይ! ጋሽ ሓድሽ ተመለሱ እንዴ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

አሁን ደግሞ አንተን ሊወስዱ እንዳይመጡ ፈራሁ።

ሎሚ